የካፉሪው ዋልያ

ቦክሲ የሚሉት ፒክአፕ መኪና ወደ ግቢ ሲገባ ምንጣፍ እየደበደብኩ ነበር። የቤቱ ልጅ ከፖርት ሱዳን መምጣቱ ነው። ከኋላ ጭነቱ ላይ፣ ከብርቱካን ካርቶኖች ጎን፣ አራት እግሩን በገመድ ታስሮ የተጋደመ እንስሳ አየሁ። ቀንዱ ወደ ኋላ ቆልመም ብሏል፤ አገጩ ላይ ጢም ጀማምሮታል። ዱላውን ጣልኩና "ዋልያ!" ብዬ ጮኽኩ። በአማርኛ ነው የጮኽኩት። ካርቱም፣ ካፉሪ ሰፈር ውስጥ ማን ይሰማኛል ብዬ እንደሆነ እንጃ።

እኔ የደባርቅ ልጅ ነኝ። አባባ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ስሜን ተራራ ላይ የፓርክ ስካውት ነበሩ፤ ጠመንጃ ተሸክመው ገደል ለገደል ሲዞሩ፣ ዋልያ ሲጠብቁ ነው ዕድሜያቸው ያለቀው። እኛ ቤት ዋልያ እንደ ዘመድ ነበር የሚወራው። የትኛዋ ወለደች፣ የትኛው እግሩን ተሰበረ፣ ነብር የትኛውን በላ፤ የራት ላይ ወሬያችን ይሄ ነበር። ዓለም ላይ ሌላ ቦታ እንደሌለ፣ ያለው እኛ ጋ ብቻ እንደሆነ ደግሞ አባባ እየደጋገሙ ሲነግሩን ነው ያደግነው። እንግዲህ አንድ ነጋዴ የኛን ዋልያ እንደ ጆንያ ጠፍሮ ካርቱም ድረስ ጭኖ ሲመጣ ደሜ ቢፈላ ይፈረድብኛል?

"ከየት ሰረቃችሁት?" አልኩት።

ሰውዬው ሳቀ። "ምን መስረቅ አመጣው! ቀይ ባሕር ዳር ካለው ጀበል፣ ከጋራው ነው። እናቱን አዳኞች ገደሉበት፣ እሱን ለኔ ሰጡኝ። ለሃጃ ግቢ ጌጥ ይሆናል ብዬ ነው።"

"ይሄ የሐበሻ ነው። የኛ ነው!"

"ያዙ እንግዲህ፣ ሐበሺያዋ ፍየላችንንም ወሰደችው" አለ ለእናቱ። እናቱም ሳቁ። ሌባ ደግሞ ሌላ ምን ይላል፣ አልኩ በሆዴ።

ሃጃ የምላቸው እኚህ እናቱ ናቸው፣ የቤቱ እመቤት። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው በየአገሩ የተበተኑባቸው፣ ጉልበታቸው የማይታዘዝላቸው አሮጊት። ያ ሁሉ ክፍል ያለው ቪላ ውስጥ እሳቸውና እኔ ብቻ ነበርን። ይሄ የማወራው የካርቱሙ ጦርነት ሳይመጣ ነው። ዛሬ የዚያ ቤት በር ተገንጥሏል፣ ሃጃም ልጃቸው ጋ ፖርት ሱዳን ናቸው፤ እኔ ግን እዚሁ ካርቱም አለሁ። ያኔ ካፉሪ ጸጥ ያለ የሀብታም ሰፈር ነበር። አጥሩ ረጅም፣ መንገዱ ባዶ፣ የሚሰማው የአየር ማቀዝቀዣ ጉርምርምታ ብቻ።

እሳቸው ቤት ከመግባቴ በፊት አርካዊት የሚባል ሰፈር ከአገሬ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ተፋፍገን ነበር የምንኖረው። አንዷ ስታኮርፍ አንዷ ስታንኮራፋ፣ ሰላም በስንት ጣዕሙ እያልኩ ሳማርር ከረምኩ። ካፉሪ ሰላሙን ሰጠኝ። ኡኡቴ፣ ምን ያለ ሰላም! መጀመሪያ አካባቢ ዓርብ ዓርብ፣ በዕረፍት ቀኔ፣ ሐፍላ የሚሉትን አውቶቡስ ሁለቴ ቀያይሬ፣ በሰው ክርን እየተደቆስኩ ቤተ ክርስቲያን እደርስ ነበር፤ እዚያ ቢያንስ "እንደምን ሰነበትሽ" የሚለኝ አላጣም። የሃጃ ጉልበት ሲብስ ዓርቡም ቀረ። አማርኛ የማወራው በስልክ ብቻ ሆነ። ሽንኩርት ስከትፍ ለብቻዬ እያወራሁ ራሴን እይዘዋለሁ። "ማንን ነው የምታዋሪው፣ ያ ቢቲ?" ይሉኛል ሃጃ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "ሽንኩርቱን" እላቸዋለሁ። እውነቴን ነው።

ስለዚህ ያ እንስሳ እግሩ ተፈትቶ፣ እየተንገዳገደ ተነሥቶ ሲያየኝ ምን እንደተሰማኝ ሳልደብቅ ልናገር። ሰው መጣልኝ አልኩ።

በማግሥቱ ፎቶ አንስቼ ለአባባ ላክሁና ደወልኩ። ስልኩን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው ሲመለከቱ ትንፋሻቸው ይሰማኛል።

"ነጣ አለብኝ" አሉ። "የኛው እኮ ጠቆር ያለ ቡናማ ነው። ይሄ አሸዋ መሰለብኝ።"

"ፀሐዩ ነው አባባ። የካርቱም ፀሐይ የማያነጣው ነገር አለ እንዴ?"

"አንቺን እንዳላነጣሽ ነው የማውቀው።"

"አባባ በሞቴ!"

"አነሰብኝም። ቀንዱም ቀጠነ።"

"ልጅ ነዋ! ልጅ እያለ የሚወፍር ቀንድ አለ?"

"እንግዲያው ግንባሩን ዳብሺው" አሉኝ። "ወንዱ ዋልያ ሲጎለምስ ግንባሩ ላይ አጥንቱ ጉብ ይላል። እሱን የዳበሰ አይሳሳትም። ይሄ ገና ጮርቃ ነው። ይቆይ፣ እናያለን።"

"ይቆይ" የምትለዋን ይዤ ቀረሁ። ለኔ አዎ ማለት ነበረች።

ከዚያ በኋላ ቀኔ መልክ ያዘ። ጠዋት ለሃጃ ሻይ ካቀረብኩ በኋላ በርሲም ይዤ ወደ ግቢው እወርዳለሁ፤ በርሲም እዚህ ለከብት የሚሰጡት ለምለም ሣር ነው። እሱ እየበላ እኔ ግንባሩን እዳብሳለሁ። "እስቲ ያገሬ ልጅ፣ ዛሬስ?" እለዋለሁ። ለስላሳ ነው። "ግድ የለም፣ አትቸኩል" እለውና ወሬዬን እጀምራለሁ። ያላወራሁት ነገር የለም። ስለ ደባርቅ ውርጭ ነገርኩት፣ ማታ የረሱት ውኃ ጠዋት በረዶ ለብሶ እንደሚገኝ። እኅቴ ማንን እንዳገባች፣ ባሏም ምን ያህል ሰነፍ እንደሆነ ነገርኩት። እሱ ያመነዥጋል። አንዳንዴ በዚያ አግድም በተሰነጠቀ ዓይኑ ትክ ብሎ ያየኛል፤ የሰማኝ ይመስለኛል። በዚህ መሀል የሃጃን መስገጃ ጫፍ በልቶብኝ ጉድ አፈላ፤ እሳቸው ተቆጥተው እኔ እንደ እናት ቆሜ ተከላከልኩለት። "አገሩ ገደል ነው፣ ምንጣፍ ምን እንደሆነ በምን ያውቃል!" አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ሃጃ ለመጣው እንግዳ ሁሉ "ይሄ የሐበሻ ነው፣ ከሷ አገር ነው፣ አባቷ የዚህ ጠባቂ ነበሩ" እያሉ ያስተዋውቁት ጀመር። ደስ አለኝ፣ ምን እላለሁ።

ችግሩ ከእግሩ መጣ። የካፉሪ ግቢ ሣሩ እንደ ፍራሽ ነው። የገደል እንስሳ ኮቴው ከአለት ጋር ሲፋተግ እየተሞረደ ነው ልኩን የሚይዘው፤ ሣር ላይ ከዋለ ዝም ብሎ ያድጋል። ካርቱም ደግሞ ጠፍጣፋ ነገር ናት፣ በዓይን የሚወጣ ጉብታ እንኳ የላትም። ኮቴው እንደ ጫማ አፍንጫ ወደ ላይ ሲቆለመም አየሁና ለአባባ ነገርኳቸው። "ድንጋይ ስጪው" አሉ። ከየት ላምጣ? ጎረቤት የፈረሰ አጥር ነበር፤ ለምኜ፣ ስብርባሪ ብሎኬቱን በእጅ ጋሪ እየገፋሁ አመጣሁና ግቢው ጥግ ከመርኩት። ወገቤ ተቆረጠ። እሱ ግን ገና የመጨረሻውን ሳልጥል ዘሎ ጫፉ ላይ ወጣ። አራቱንም እግሩን አንድ ብሎኬት ላይ ሰብስቦ ቆመ። ከዚያ ላይ የጎረቤት የውኃ ታንከር እንጂ ሌላ የሚታይ ነገር የለም፤ እሱ ግን ቀኑን ሙሉ እዚያው ቆሞ ዋለ። ያን ቀን አንጀቴን በላው።

ክምሩም አልበቃውም። ማነከስ ሲጀምር ሃጃ የእንስሳት ሐኪም አስጠሩ። ዶክቶራዋ ወጣት ናት፣ እጀታዋን ጠቅልላ ገባች። እኔ ቀንዱን ይዤ እሷ ኮቴውን ስትቆርጥ፣ "ይሄ የኑቢያ የጋራ ፍየል ነው፣ የተራራው" አለች ቀና ሳትል።

"ዋልያ ነው" አልኳት።

"ዋልያ በመጽሐፍ አውቃለሁ። ዘመዳሞች ናቸው፣ ብትሳሳቺ አይፈረድብሽም። የናንተው ገዘፍ ይላል፣ ይጠቁራል፣ ቀንዱም ወፍራም ነው፤ ብርድ አገር ነዋሪ ነው። ይሄ የበረሃ ነው። እይው፣ አሸዋማ ነው፣ ሆዱ ነጭ፣ ቀለል ያለ። ውኃ የሚያገኘው በየስንት ጊዜው ነው።"

"ግንባሩ ላይ አጥንት ያወጣል። ቆዪ፣ ታያለሽ።"

"አያወጣም፣ እኅቴ።"

እልህ ያዘኝ። "እሺ ይሁንልሽ። የቱ ነው ሊያልቅ የደረሰው? የኔ ነው ያንቺ?" የምን ውድድር እንደሆነ እኔም አላውቀው።

ቀና አለች። "የዓለም ተመራማሪዎች ደረጃ ሲያወጡላቸው ሁለቱንም አንድ ላይ ነው ያስቀመጧቸው። ለመጥፋት የተጋለጡ ይሏቸዋል።"

"ምን ሲደረግ! የኛው ዓለም ላይ ያለው አንድ ተራራ ላይ ነው። አንድ በሽታ ቢገባ አለቀ ማለት ነው። ያንቺ ግን…"

"የኔ ግብፅ አለ፣ ሳዑዲ አለ፣ የመን አለ፣ ዑማን አለ፣ እዚህም አለ። ሁሉም ጋ ጥቂት ጥቂት ነው። ውኃ ያለበትን ግመልና ፍየል ይዞበታል፣ አዳኝ በመኪና ይመጣበታል። የናንተውን አባትሽ ጠበቁት፣ አገሩም ይኮራበታል። ይሄን ማን ይጠብቀዋል? ባለቤቱ ብዙ ነው፣ ስለዚህ ሁሉም ለሌላው ትቶታል።"

እዚህ ጥቂት፣ እዚያ ጥቂት ስትል ጅዳ ያለችው የአክስቴ ልጅ፣ ቤይሩት ገብታ ድምፅዋ የጠፋው ጓደኛዬ፣ እዚሁ ካርቱም ማዮ ሰፈር ሻይ የምትሸጠው የሰፈሬ ልጅ ፊቴ ላይ መጡብኝ። ዶክቶራዋ ስለኛ አላወራችም። እኔ ግን ተቀየምኳት፣ ውኃም ሳላቀርብላት ቀረሁ።

ዕቃዋን ስትሰበስብ ለሃጃ ቁርጡን ነገረቻቸው። ኮቴው መልሶ ያድጋል። አሁን ያነክሳል፣ ወደፊት ጭራሹን አይነሣም። ብቻውን ለመኖር የተፈጠረ አይደለም፣ ሳይዘገይ ወደ ጋራው ይመለስ፤ ቀይ ባሕር ዳር እንደሆነ ልጅዎ በየሳምንቱ ይመላለሳል፣ ጭኖ ይውሰደው። ይሄን ብላ ሄደች።

ሃጃ ግን ዶክቶራዋን አላመኑም። እኔን ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

"ያ ቢቲ፣ እሷ ልጅ ናት፣ በመጽሐፍ ነው የምታውቀው። አንቺ አብረሽው ነው ያደግሽው። ካንቺ አገር ከሆነ ወደዚያ ጀበል አልሰደውም። ባዕድ ጋራ ላይ ጥዬው፣ ሌሎቹ ወግተውት ቢሞት አላህ ፊት ምን እመልሳለሁ? እዚሁ ካንቺ ጋር ይቆያል። የናንተ ካልሆነ ደግሞ ልጄ ይዞት ይሂድ። የምታውቂው አንቺ ነሽ። ንገሪኝ፣ አገሩ የት ነው?"

በቃ፣ በኔ አፍ ላይ ወደቀ። ዋልያ ነው ካልኩ ያገሬ ልጅ ከኔ ጋር ይቀራል፤ ጥፍሩ እየተቆለመመ፣ ብሎኬት ላይ ቆሞ ታንከር እያየ። አይደለም ካልኩ ይሄዳል፣ እኔም ከሽንኩርቱ ጋር እቀራለሁ። "አባባን ልጠይቃቸውና ልንገርዎት" ብዬ ወጣሁ።

ግቢው ጥግ ክምሩ ላይ ተቀምጬ ደወልኩ። እሱ አጠገቤ ነው።

"ጉብታው ወጣ?" አሉ አባባ፣ ሰላምታ እንኳ ሳይጨርሱ።

"አልወጣም።"

"ቀንዱስ ወፈረ?"

"ረዘመ እንጂ አልወፈረም።"

ኔትዎርክ የሄደ መስሎኝ "አባባ?" ስል፣ "አለሁ" አሉ። "የኛዎቹም ቀንሰዋል አሉ ልጄ። እዚህ በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ጥይቱ በዛ፣ የሚጠብቅ ጠፋ። ድሮ ጠዋት ወጥቼ መንጋ የማይባት ገደል፣ ዛሬ ወና ናት ይሉኛል። ያንቺው ዋልያ በሆነልን ኖሮ አንድ እንጨምር ነበር።" ሳቅ አሉ፣ ሳቃቸው ግን ቶሎ አለቀ። "ያ የጋራ ፍየልም ቢሆን ብቻውን አይሆንለትም። ከዘመዶቹ የተነጠለ አውሬ በሽታ ባይኖርበትም ይከሳል፣ አይቻለሁ።" ከዚያ ደግሞ፣ ስለሱ ሲያወሩ በነበሩበት በዚያው ድምፅ፣ "አንቺስ መቼ ነው የምትመጪው?" አሉኝ።

"ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ሲስተካከል አባባ፣ ኢንሻላህ" አልኳቸው። ኢንሻላህ የሚለው ከአፌ ሲወጣ እሳቸውም እኔም ደነገጥን።

ስልኩን ዘግቼ ለመጨረሻ ጊዜ ግንባሩን ዳበስኩት። በሁለት እጄ፣ ከቀንዱ ሥር እስከ አፍንጫው። ጉብ ያለ ነገር የለም። እንደማይኖርም ዶክቶራዋ ሳትመጣ በፊት አውቄዋለሁ፤ ጣቴ አውቆት እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። "አንተ ውሸታም" አልኩት። እሱ ምን ዋሸ! ጭንቅላቱን ጉልበቴ ላይ ገፋ አደረገና በርሲም ካለ ብሎ መዳፌን አሸተተ። ያኔ ነው ያለቀስኩት፣ ያውም እየጮኽኩ። ካፉሪ እንደሆነ አጥሩ ረጅም ነው።

ፊቴን ታጥቤ ወደ ሃጃ ገባሁ። ቴሌቪዥናቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ዋልያ አይደለም ሃጃ። የኛ አይደለም። አገሩ እዚያው ጀበሉ ነው።"

"ዋላሂ?"

"ዋላሂ።"

ዓይኔን አዩና እጄን ያዙኝ። እሳቸውም ያለሱ ማንን ሊያስተዋውቁ ነው? ልጃቸው ሲመጣ የእንስሳውን እግር እኔ ነኝ ያሰርኩት፤ በገመዱ ሥር ጨርቅ አስገባሁ፣ ቆዳው እንዳይላጥ። "እንግዲህ የኛ ነው ስትይኝ የነበረው?" አለኝ ሰውዬው፣ ሊቀልድ። "ዝም ብለህ ንዳ፣ ኩርባው ላይ ቀስ በል" አልኩት። ቦክሲው ሲወጣ ከጭነቱ ላይ እንደ ሕፃን ጮኸ። በሩን ዘጋሁትና መቀርቀሪያውን ይዤ ቆምኩ። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም፤ ሃጃ ናቸው መጥተው ያስገቡኝ።

ብሎኬቱን መልሼ ለማውጣት አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። ማንም አላዘዘኝም፤ ጠዋት ስወርድ ባዶውን ማየት አልቻልኩም። በርሲም ሻጩ በሪክሻ ባጃጁ መጥቶ ሲጣራ "ኸላስ፣ አንፈልግም" ማለት ነበረብኝ፣ እሱ ግን ደጋግሞ መጣ። አፌ እንደገና ደረቀ። ለሽንኩርቱም ማውራት ተውኩ። ሃጃ ያን ሰሞን ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑ ፊት አብሬያቸው እንድቀመጥ ይጠሩኝ ነበር፤ ጎን ለጎን ተቀምጠን የግብፅ ድራማ እናያለን፣ እሳቸው ያለቅሳሉ፣ እኔም በድራማው ሰበብ አለቅሳለሁ።

ወሬውን በየጊዜው ልጃቸው ያመጣል። ጀበሉ ሥር የሚኖር አንድ ሽማግሌ ከፍየሎቹ ጋር ቀላቅሎት ነበር። መጀመሪያ ከሰው አልርቅ ብሎ አስቸገረ። ኮቴው በድንጋዩ ተሞረደ፣ ማነከሱን ተወ። ከዚያ ማደሪያው ውስጥ ፍየሎቹ ሲቆጠሩ ያልተገኘበት ቀን መጣ፤ ሽማግሌው ቀና ብሎ ሲያይ ከዱር ዘመዶቹ ጋር ጋራው ላይ ወጥቷል። "እሰይ!" አልኩ፣ ከልቤ ነው።

በሚቀጥለው ሲመጣ ልጃቸው በስልኩ ቪዲዮ ቀርጾ መጣ። ከሩቅ ነው፣ ምስሉ ይርገበገባል። ራቁቱን የቆመ ጋራ፣ አፋፉ ላይ አሸዋ የመሰሉ ብዙ የጋራ ፍየሎች፣ ሁሉም ቀንዳቸው ወደ ኋላ የተቆለመመ። ነፋሱ ብቻ ነው የሚሰማው። ስልኩን ተቀብዬ ዓይኔ ሥር አስጠጋሁት። አንዱን አየሁ፣ ሌላውን አየሁ። ወደ ኋላ መልሼ እንደገና አየሁ። አንዱ ቀና ብሎ ወደ ካሜራው ተመለከተ፣ እሱ ነው አልኩ፤ ቀጥሎ ደግሞ ሌላውም ቀና አለ፣ ሌላውም።

"አየሽው?" አሉኝ ሃጃ፣ አንገታቸውን አስግገው። "የትኛው ነው ያ ቢቲ?"

"አየሁት" አልኳቸው። "ይሄ ነው" ብዬ ከመካከላቸው አንዱን በጣቴ አሳየኋቸው። እሳቸውም "ማሻአላህ፣ አምሮበታል" አሉ። እሱ ይሁን ሌላ፣ አላወቅሁም።